የየቲሙ ጤና በጎረቤት ደጃፍ

(በማኅበራችን የለጋሾችና የአሳዳጊ ቤተሰቦች ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም ራሳቸው በየቲምነት አድገው ለየቲሞች ሁሉ አለኝታ በሆኑት በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ የኅብረተሰብ ልማትና የሕዝብ ጤና ተቀናጅተው ሊሠሩ ስለሚችሉበት መንገድ ነው። ርእሱ ሰፊ ነው፤ በየአዳራሹ ሲነሣም ብዙ ጊዜ ከቃል አያልፍም። ስለዚህ እኔ ወደ አንድ ጥያቄ አጥብቤ ላቀርበው እወዳለሁ። ለየቲም በየወሩ የምንሰጠው ገንዘብ የት ይደርሳል? የሒሳብ ሹሙ የሚመልሰውን መልስ ማለቴ አይደለም፤ እርሱ በየዓመቱ በኦዲተር ተረጋግጦ ይቀርብላችኋል። የምጠይቀው ገንዘቡ ከእናቲቱ እጅ ከገባ በኋላ ስላለው ጉዞ ነው።

እስቲ በምሳሌ አንድ ቤት እናስብ። ቤቱ ገርጂ፣ ቦሌ ሚካኤል ወይም በኮተቤ በኩል ካሉት አሮጌ ሰፈሮች በአንዱ ነው እንበል። ስድስት ቤተሰብ የሚኖርበት ግቢ ነው፤ ለስድስቱም አንድ መጸዳጃ ቤትና በፈረቃ የሚመጣ አንድ የቧንቧ ውኃ አለ። ከስድስቱ ቤቶች በአንዱ ባሏ የሞተባት እናት ከሦስት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። በወሩ መጀመሪያ የማኅበሩን ድጎማ ትቀበላለች። ገና ሳትቀበለው በልቧ ከፋፍላዋለች፦ ይህ ለቤት ኪራይ፣ ይህ ለዱቄትና ለዘይት፣ ይህ ለደብተር። በሁለተኛው ሳምንት ትንሹን ልጅ ያስቀምጠዋል። ጤና ጣቢያ ብትወስደው ወረፋው የዕለት ሥራዋን ያስቀርባታል፤ ስለዚህ በቅርብ ካለ የግል ክሊኒክ ትገባና ለካርድ፣ ለምርመራና ለመድኃኒት ትከፍላለች። ትንሹ ሲሻለው ታላቅየው ይተኛል። እርሷም ከልብስ አጠባዋ ሦስትና አራት ቀን ትቀራለች፤ ከሱቅ በዱቤ መውሰድ ትጀምራለች። በቀጣዩ ወር የምንሰጣት ብር የዱቤው መክፈያ ይሆናል። በእኛ ሪፖርት ላይ ድጎማው ሙሉ በሙሉ ተከፍሏል ተብሎ ተጽፏል፤ እውነትም ተከፍሏል። የልጁ ሰውነት ግን ከወር ወር እየሳሳ ነው።

ይህች እናት ቸልተኛ አይደለችም። ልጆቿን ታጥባለች፣ ቤቷን ትጠርጋለች። በሽታው የመጣው ከግቢው መጸዳጃ ነው። ጉድጓዱ ሞልቷል፤ መክደኛ የለውም፤ ለማስመጠጥ የሚያስፈልገውን ገንዘብ ስድስቱ ቤተሰቦች ሊያዋጡ አልተስማሙም። ዝንብ የየቲሙን ሳህን ከጎረቤቱ ልጅ ሳህን ለይቶ አያርፍም። ድጎማውን በእጥፍ ብናሳድገው እንኳ ከጭማሪው ብዙው ለመድኃኒት ቤት የሚሄድ ይሆናል። እንግዲህ የልማት ሥራ የምንለው ሰውን ከድኽነት የማውጣት ጥረት፣ የሕዝብ ጤና ከምንለው በሽታን ከምንጩ የመከላከል ሥራ ጋር ካልተጣመረ አንዱ የሞላውን ሌላው ያፈስሰዋል ስንል በዚህ ግቢ ውስጥ የሚሆነውን ማለታችን ነው።

ይህን ሳነሣ አንዳንድ ለጋሾች የሚያቀርቡትን ጥያቄ አውቀዋለሁ። “እኔ ስፖንሰር የሆንኩት ለአንድ የቲም ነው። የየቲሙ ገንዘብ አማና ነው። በምን ሥልጣን ለስድስት ቤተሰብ መጸዳጃ ይውላል?” ይላሉ። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ አላህን ከመፍራት የመነጨም ነው። የየቲምን ንብረት ያለ አግባብ መብላት ከታላላቅ ወንጀሎች አንዱ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ሆኖም ይህ ፍርሃት ለእኛ የመጀመሪያ አይደለም። ስለየቲም ንብረት ከባዱ ማስጠንቀቂያ በወረደ ጊዜ በቤታቸው የቲም የሚያሳድጉ ሰሓቦች የልጁን ምግብ ከራሳቸው ምግብ፣ መጠጡንም ከመጠጣቸው ለይተው ማኖር ጀመሩ። ከልጁ የተረፈውን ማንም አይነካውም ነበር፤ ልጁ ተመልሶ እስኪበላው ይቀመጣል፤ አለዚያም ይበላሻል። ነገሩ ከበዳቸውና ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነገሯቸው። በሱረቱል በቀራህ የምናገኘው ፈቃድ የመጣው ያን ጊዜ ነው፤ መሠረቱ የየቲሞቹን ጉዳይ ማሳመር ሆኖ፣ ከእነርሱ ጋር መቀላቀል ግን የወንድማማችነት ነገር መሆኑን አስተማራቸው።

የፊቅህ ብይኑን ለዑለማዎቻችን እተዋለሁ፤ እኔ የምናገረው በሙያዬ አንጻር ብቻ ነው። ለአንድ ልጅ ተብሎ የተሰጠውን ገንዘብ እናንሣ እያልኩም አይደለም። እርሱ እንዳለ ይቀመጥ። ነገር ግን የልጁን ምግብ ለይቶ ማስቀመጥ ልጁን ሊጠቅም ታስቦ ምግቡን እንዳበላሸ ሁሉ፣ የልጁን ድጎማ ከሚኖርበት ግቢ ለይቶ ማየትም ድጎማውን እያበላሸ ነው። ለዚህ የሚሆን ራሱን የቻለ፣ ሰጪው ዐውቆ የሚሰጥበት ሌላ ሣጥን ሊኖረን ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። በገጠር የውኃ ጉድጓድ ለማስቆፈር ሰደቃ የሚሰጥ ሰው ብዙ ነው፤ መልካምም ነው። ዑስማን (ረ.ዐ.) የሩማን ጉድጓድ ገዝተው ለሙስሊሞች የለቀቁበት ታሪክ ለዚህ ዘወትር ይጠቀሳል። ነገር ግን በስሙ መጸዳጃ ቤት እንዲሠራለት የጠየቀ ለጋሽ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። የሰሌዳው ነገር ያሳፍር ይሆናል። ሆኖም አዲስ አበባ ውስጥ ከንጹሕ ውኃ ጋር እኩል ልጅ የሚያድነው ክዳን ያለው፣ የሚመጠጥ፣ በደጁ ሳሙናና ውኃ የማይጠፋበት መጸዳጃ ነው። በሳሙና እጅን መታጠብ ብቻውን የተቅማጥ በሽታን በሲሶ ገደማ እንደሚቀንስ በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። እኛ በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ የምናደርግ ሰዎች ነን፤ ይህ ታላቅ ጸጋ ነው። ይሁንና ውዱእ ያደረገች እጅ ሕፃን አጥባ ስትመለስ እንደገና ሳሙና ያስፈልጋታል። በየወሩ ከምናድለው ዘይትና ዱቄት ጎን ሳሙና ቢኖር ወጪው ብዙ አይደለም።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ርዳታ የሚሰጥበት ደንብ ራሱ በልጅ ጤና ላይ ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል ከእኛው ታሪክ የምናውቀው አስደናቂ ማስረጃ አለ። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ከበይተል ማል ለሕፃናት ድጎማ ሲወስኑ፣ ድጎማው የሚጀምረው ልጁ ጡት ከተወ በኋላ እንዲሆን ደንግገው ነበር። ለመዝገብ የሚመች፣ ምክንያታዊ የሚመስል ደንብ ነው። አንድ ሌሊት ወደ መዲና መጥቶ ያረፈን የነጋዴዎች ጓዝ ከዐብዱርረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) ጋር ሆነው ሲጠብቁ የሕፃን ልቅሶ ሰሙ። እናቲቱን ስለ ልጇ አላህን እንድትፈራ መክረዋት ተመለሱ። ልቅሶው ግን አላቋረጠም። ደጋግመው ሄዱ። በመጨረሻ ማን እንደሚያናግራት ያላወቀችው እናት፣ ልጁን ጡት እያስጣለችው መሆኑን፣ ይህንም የምታደርገው ዑመር ጡት ላልተወ ልጅ ስለማይሰጡ መሆኑን ነገረቻቸው። በፈጅር ሰላት ላይ ከልቅሶ የተነሣ ንባባቸው ለሰዉ በግልጽ አልሰማ አለ። ከሰላት በኋላም ልጆቻችሁን ጡት ለማስጣል አትቸኩሉ፣ ከእንግዲህ ለሚወለድ ሕፃን ሁሉ ድጎማ ይቆረጣል የሚል ዐዋጅ አስነገሩ፤ ለየአገሩ ሹማምንትም እንዲሁ ጻፉ።

የጤና ባለሙያ ይህን ታሪክ ሲሰማ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ያለጊዜው ጡት የተወ ሕፃን ንጹሕ ባልሆነ ውኃ የተበጠበጠ ምግብ ይጀምራል፤ ተቅማጥ ይከተላል፤ ሰውነቱ ይቀጭጫል። ድኻን ለመርዳት የወጣ ደንብ የድኻን ልጅ ለበሽታ አጋለጠ ማለት ነው። ዑመር (ረ.ዐ.) ስሕተቱን በእናቲቱ ላይ አልጣሉም፤ ደንቡን ለወጡ። ይህን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ በዛሬው ስብሰባ ፊት የቀረበ አንድ የደንብ ጥያቄ ስላለ ነው።

በአገራችን ልማትና ጤና አንድ ላይ ሲሄዱ ምን ሊገኝ እንደሚችል ያለፉት ሠላሳ ዓመታት ገደማ አሳይተውናል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በገጠር ለየቀበሌው ሁለት ሴት ባለሙያዎችን መደበ፤ 10ኛ ክፍል ጨርሰው ለአንድ ዓመት የሠለጠኑ የአካባቢው ልጆች ነበሩ፤ ቁጥራቸውም ከ30 ሺህ በላይ ደርሷል። እነዚህ ወጣቶች ሕመምተኛ እስኪመጣላቸው የሚጠብቁ ሳይሆኑ ቤት ለቤት እየሄዱ መጸዳጃ የሚያስቆፍሩ፣ የክትባት ቀን የሚያስታውሱ፣ ነፍሰ ጡርን የሚከታተሉ ናቸው። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ1000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። የቀነጨሩ ሕፃናትም በዚያው ጊዜ ውስጥ ከመቶ 58 ወደ 38 ቀንሰዋል። ይህ ሁሉ የአንድ ፕሮግራም ውጤት ነው አልልም፤ መንገዱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ አዳዲሶቹ ክትባቶችም ድርሻ አላቸው። የሳንባ ምች መከላከያው በ2004 ዓ.ም.፣ የሮታ ቫይረስ ተቅማጥ መከላከያው በ2006 ዓ.ም. ገብተዋል። እኔ የምለው እነዚህ ነገሮች በአንድነት በአንድ ቤት ደጃፍ ላይ ሲገናኙ ልጅ ይተርፋል ነው።

ከተማ ላይ ሥራው ከብዷል። በከተማ የተመደቡት ባለሙያዎች ነርሶች ናቸው፤ ዕውቀታቸው ከፍ ያለ ነው። ነገር ግን ቦሌን አስቡት። ባለ ከፍተኛ አጥሩ ግቢ ዘበኛው አያስገባቸውም፤ በዕለት ሥራ የሚኖረው ቤት ደግሞ ቀን ላይ ቢያንኳኩት ሰው የለበትም። ከዚያ ወዲህ በጤና ጣቢያዎች የቤተሰብ ጤና ቡድን የሚባል አሠራር መጥቷል፤ ቤተሰቦችን በገቢያቸውና በጤና ፍላጎታቸው እየለየ፣ ይበልጥ ችግረኛ የሆኑትን ቤታቸው ድረስ ሄዶ ያያል። ልብ በሉ፤ ጤና ጣቢያው የችግረኛ ቤተሰቦች መዝገብ አለው፤ እኛም የየቲም ቤተሰቦች መዝገብ አለን። ብዙዎቹ ያው ቤቶች ናቸው። ሁለቱ መዝገቦች ግን አንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኝተው አያውቁም። በወረዳ ደረጃ በየሦስት ወሩ እንኳ ቢገናኙ እኛ የማናውቀውን እነርሱ፣ እነርሱ የማያውቁትን እኛ እንነግራቸዋለን። እርግጥ ነው፤ ይህ የቤተሰቡን ፈቃድ ይጠይቃል። በተለይ ኤች አይ ቪን የመሰለ ነገር የቤተሰቡ ምስጢር ነው፤ ለእኛ መዝገብ ሊተላለፍ አይገባም። የልጆችን ፎቶግራፍ ከአባታቸው አሟሟት ታሪክ ጋር ማተም የለመዱ ኅትመቶች ሁሉ፣ የእኛም ጭምር፣ ይህን ቢያስቡበት እወዳለሁ።

ስለ ኤች አይ ቪ ካነሣሁ ዕድሮቻችንን ሳልጠቅስ ባልፍ ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። በ1990ዎቹ በአዲስ አበባ ሞት ሲበዛ የዕድር ሣጥኖች በቀብር ወጪ ተራቆቱ። በዚያን ጊዜ ብዙ ዕድሮች ከሞተ በኋላ ድንኳን ከመትከል ይልቅ ሳይሞት ማስታመም፣ የቀሩትንም ልጆች ማሳደግ ይሻላል ብለው መተዳደሪያ ደንባቸውን ለወጡ። በወሎ ቅሬ፣ በሐረር አፎቻ የምንለው መተሳሰቢያ ዐይነቱ አንድ ነው። በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር፣ መድኃኒቱን እናቲቱ ሳታቋርጥ እንድትወስድ ቤቷ ሄዶ የሚያበረታት ጎረቤት የነበረባቸው ሰፈሮች ከሌሎቹ ይልቅ ተጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ። በእስልምና የቲም የምንለው አባቱ የሞተበትን ልጅ ነው። እንግዲህ ለዚህ ልጅ የቀረችው እናቱ ናት። እርሷ በሳል፣ በደም ግፊት ወይም በወሊድ ምክንያት ብትሞትበት የኛ ወርኃዊ ድጎማ ምን ሊተካለት ነው? የእናቲቱ የጤና ምርመራ ከየቲም ድጋፍ ውጪ ያለ ወጪ ተደርጎ መቆጠሩ አይታየኝም።

በምሥራቅ አዲስ አበባ የምንኖር ሰዎች ሁለት ጊዜ በራሳችን ደጅ ተፈትነናል። የመጀመሪያው በ2008 ዓ.ም. ክረምት የተነሣው አተት ነው። በሽታው በውኃና በምግብ የሚተላለፍ፣ በፍጥነት የሰውነትን ውኃ አሟጥጦ የሚገድል፣ ነገር ግን ጊዜ ሳይወሰድ በሕይወት አድን ንጥረ ነገር ሊድን የሚችል ነው። የቀበናና የሌሎቹ ወንዞች ውኃ ከየሰፈሩ ቆሻሻውን ሰብስቦ ወደ ትልቁ አቃቂ ሲወርድ፣ በዳርቻው ደግሞ አትክልት ሲለማበት ኖሯል፤ የላይኛው ሰፈር መጸዳጃ የታችኛው ሰፈር ሰላጣ ላይ ይደርሳል ማለት ነው። ሁለተኛው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕመምተኛ የተገኘበት ኮሮና ነው። ቦሌ ያለው የሚሊኒየም አዳራሽ ከ1000 በላይ አልጋ የተዘረጋበት የሕክምና ማዕከል ሆነ፤ በኮተቤ በኩል ያለው የኤካ ኮተቤ ሆስፒታልም እንዲሁ ለዚሁ ዋለ። የ1441 ሒጅራን ረመዳን ተራዊሕ በየቤታችን ሰገድን። ዑለማዎቻችን የተናገሩት ከጤና ቢሮው የተለየ አልነበረም፤ ወረርሽኝ ወዳለበት አገር አለመግባትን፣ ካለበትም አለመውጣትን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረው ነበርና። ዑመርም (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ የዐምዋስ ወረርሽኝ ሲነገራቸው ከመንገድ ተመልሰዋል። ሚንበሩና ጤና ጣቢያው አንድ ቃል ሲናገሩ ሕዝቡ ሰማ። አደጋው ሲያልፍ ግን በየመስጊዱና በየሱቁ ደጃፍ የተቀመጡት የእጅ መታጠቢያ በርሜሎች ብዙዎቹ ደረቁ። ያኔ የተባበርነው በፍርሃት ነበር፤ ፍርሃቱ ሲሄድ ትብብሩም አብሮ ሄደ።

ከዚህ ጋር ሰፈሮቻችን ራሳቸው ተለውጠዋል። በ1996 ዓ.ም. አካባቢ የመጀመሪያዎቹ ኮንዶሚኒየሞች ገርጂ ላይ ሲሠሩ ከዚያ ወዲያ ያለው ብዙው ቦታ እርሻ ነበር። ከዚያ ሰሚት፣ አያት፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ እየተከታተሉ መጡ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ተመሠረተ። የከተማው መሐል ሲፈርስና ሲታደስም ብዙ ቤተሰብ ወደ ዳር ሄዷል። ከነዚህ መካከል የእኛ የቲሞች አሉበት። ቤት ሲለወጥ ዕቃው በመኪና ይጫናል፤ ዕድሩ ግን አይጫንም። ልጅ ጥላባት ሥራ የምትሄድ ጎረቤት፣ በዱቤ የሚያበድር ባለሱቅ፣ የልጁን የክትባት ካርድ የሚያውቅ ጤና ጣቢያ ሁሉ ወደ ኋላ ይቀራል። አዲሱ ኮንዶሚኒየም መጸዳጃው ቤት ውስጥ ነው፤ ውኃ በጠፋ ቀን ግን ከአሮጌው ግቢ ይብሳል፤ አራተኛ ፎቅ ድረስ በጀሪካን የምታወጣው እናቲቱ ናት። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ ሰፈር ሲለውጥ እኛ የባንክ ቅርንጫፉን ብቻ መለወጣችን አይበቃም። በዚያው ሳምንት አንድ የማኅበሩ ሰው ከቤተሰቡ ጋር ወደ አዲሱ ወረዳ ጤና ጣቢያ ሄዶ ማስመዝገብ፣ በአቅራቢያው ካለ የመስጊድ ጀማዐና ዕድር ጋር ማስተዋወቅ አለበት።

የጤና መድን ነገርም አለ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ከዓመታት በኋላ ወደ አዲስ አበባም ገባ። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ ይከፍላል፤ መክፈል ለማይችሉ የተለዩ ቤተሰቦች መንግሥት ይሸፍናል። ምዝገባው ወቅት አለው፤ ያመለጠው ይጠብቃል። በምሳሌ ያነሣኋት እናት ይህ ካርድ ቢኖራት የግል ክሊኒኩን ወጪ ባላወጣች ነበር። አንድ ነገር ግን መጣራት ይፈልጋል፦ ከአያቱ ወይም ከአጎቱ ቤት የሚያድግ የቲም ስሙ በዚያ ቤተሰብ መዝገብ ላይ ካልሰፈረ ካርዱ ለእርሱ ላያገለግለው ይችላል። አሳዳጊዎች ቤት ስትገቡ ካርዱን አውጥታችሁ የልጁ ስም መኖሩን እዩልን።

ሌላው የበጀት ነገር ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን መመገብና የደንብ ልብስ መስጠት ጀምረዋል። ይህ ሥራ ቀደም ሲል በበጎ አድራጊዎች እጅ የነበረ ነው። ከተማው ከወሰደው በኋላ የእኛ የምሳና የዩኒፎርም መደብ እንዴት እንደተቀመጠ መመርመር ይገባል። ከዚያ የተረፈ ካለ ለሳሙናው፣ ለመድኑና ለእናቶች ምርመራ የሚሆን ገንዘብ አዲስ ሳንለምን ልናገኝ እንችላለን። እንዲሁም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የማኅጸን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት በአገራችን ለልጃገረዶች ይሰጣል። ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው በትምህርት ቤት ስለሆነ ከትምህርት የቀረች ልጅ ሳታገኘው እንዳትቀር መከታተል የእኛ ድርሻ ነው።

አሁን ቀደም ብዬ ወዳቆየሁት የደንብ ጥያቄ ልመለስ። የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ለውይይት ካቀረባቸው ሐሳቦች አንዱ፣ የክትባት ካርድና የጤና ጣቢያ ወረቀት ያላመጣች እናት ወርኃዊ ክፍያዋ እስክታመጣ ይቆይ የሚል ነው። ሐሳቡን ያመነጩት ወንድሞች የልጆቹን ጤና አስበው እንደሆነ አልጠራጠርም። እኔ ግን አልደግፈውም። ካርድ የሌላት እናት ማን ናት? ሰፈር የለወጠች፣ የዕለት ሥራዋን ትታ ወረፋ መያዝ ያልቻለች፣ ወይም ራሷ የታመመች ናት። ክፍያውን ባቆምንባት ቀን የሚራበው ያው ልጅ ነው። በመዲናው ሌሊት የተሰማው ልቅሶ እንዲህ ካለ ደንብ የመጣ ነበር። ካርዱን እንጠይቅ፤ በየክፍያው ቀን እንጠይቅ። ካርድ የሌላትን እናት ስም ግን ለቅጣት ሳይሆን በማግሥቱ ለሚጎበኛት ሰው እንስጠው። የክፍያው ቀን ከጤና ጣቢያው ጋር ተስማምተን ነርስ በምትገኝበት ቀንና ቦታ ቢሆን ደግሞ እናቲቱ አንድ የሥራ ቀን ብቻ ታጣለች።

ሁለተኛው ሐሳብ የጋራ መጸዳጃን፣ ውኃንና ንጽሕናን የሚመለከት ልዩ ሣጥን እንዲቋቋም ነው። ይህን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ፤ ሁለት ነገር ግን ላሳስብ። አንደኛ፣ ሣጥኑ ከየቲሞች ስፖንሰርሺፕ ሒሳብ ፈጽሞ የተለየ ይሁን፤ ከዘካ ይግባበት አይግባበት የሚለውንም ዑለማዎቻችን ይወስኑ። ሁለተኛ፣ የግቢው ነዋሪዎች፣ ሙስሊም ይሁኑ ክርስቲያን፣ በገንዘብ ባይችሉ በጉልበት ያላዋጡበት መጸዳጃ አይሠራ። ያላዋጣበትን የሚጠብቅ የለም፤ በዓመቱ በሩ ተነቅሎ፣ ጉድጓዱ ሞልቶ ታገኙታላችሁ። ቁልፉን ማን ይይዛል፣ ሲሞላ ማን ያስመጥጣል የሚለው መጀመሪያ በዕድሩ ፊት ተጽፎ ይፈረም። ሥራው በአንድ ጊዜ በሁሉም ወረዳ መጀመር የለበትም። ብዙ የቲም ያለበትን አንድ ሰፈር መርጠን፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር ግቢዎቹን ቆጥረን ብንጀምር በሚቀጥለው ስብሰባ የምናቀርበው ነገር ይኖረናል።

በሁለቱም ሐሳቦች ላይ ድምፅ የሚሰጠው ከዙህር ሰላት በኋላ ነው። በልዩ ሣጥኑ መሳተፍ ለሚፈልጉ ቅጹ በመግቢያው በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። አሳዳጊ እናቶች የመድን ካርዳችሁን ይዛችሁ ከመጣችሁ እዚያው ጠረጴዛ ላይ የልጆቹ ስም መስፈሩን የሚያይላችሁ ሰው ተቀምጧል፤ ያልያዛችሁም ስማችሁንና ወረዳችሁን አስመዝግቡ።